ከግራ ሦስተኛው

ኮዬ ፈጬ፣ ዘጠኝ ሰዓት፣ ፀሐይ ወደ ጎን ስታዘነብል፣
ጥላ ከየበረንዳው ሥር እንደ ዘርፍ ሲንጠለጠል፣
ቆሜያለሁ ካሜራ ይዤ ከተረሳ አሸዋ ክምር ላይ፣
ያለ ሰው፣ ያለ ወሬ፣ ኮንዶሚኒየሙን ብቻ ላይ።

ከታች ወደ ላይ አምስት፣ ከግራ ወደ ቀኝ አሥራ ሁለት፤
ስልሳ በረንዳ፣ ስልሳ በር፣ ስልሳ ያልተከፈተ መስኮት፤
መሐንዲሱ አንድ ስንኝ ጽፎ፣ ስልሳ ጊዜ የደገመው፣
ቤት በቤት ላይ ደርድሮ ቤት ያስመታው፣ ያስገጠመው።

ከጀርባዬ ያልታረሰ ማሳ፣ አንድ አህያ፣ የግንበኞች የፈረሰ ዳስ፤
ከሩቅ የታክሲ ረዳት፣ «ቱሉ ዲምቱ! አንድ ሰው የቀረው!»
እኔ ግን ለዚያ ሁሉ ጀርባዬን ነው የሰጠሁት።

ቀለም አልወድም። ቀለም ወሬ ያበዛል፤
ጥቁርና ነጭ እንደ ጨዋ ምስክር ያየውን ብቻ ይናገራል።
አጎቴ ትቶልኝ የሄደው ካሜራ ሠላሳ ስድስት ፍሬ ይጎርሳል፤
ሠላሳ አምስቱን ቀምሷል፤ ለዛሬ አንዲት ተርፋዋለች፣
ፊልም ከገበያ ከጠፋ ወዲህ ከወር አስቤዛ ትከብዳለች።

አንድ ነገር ብቻ።
አራተኛ ፎቅ፣ ከግራ ሦስተኛው፣
ከብረቱ በሽቦ የታሰረ ቀይ ባልዲ፣
ንፋስ በነካው ቁጥር ቋ፣ ቋ የሚል።
ቤት የማይመታ ቤት።

«ይቅርታ ወንድም፣» አልኩት ዘበኛውን፣ ቶለሳን፣
«ለአምስት ደቂቃ ብቻ ያንን ባልዲ አንሳልን።»
ሬዲዮኑን ዝቅ አድርጎ፣ «ለፎቶ ነው?»
«ለፎቶ።»
«ሰው የሌለበት ፎቶ ደግሞ ለማን ነው?»
ሳቀ፤ ካፖርቱን እየጎተተ በደረጃው ወጣ።
ከአዳር ሥራ የተመለሰች ሴት፣ ፀጉሯን በሻሽ ጠቅልላ፣
አንድ ቃል ሳትናገር ባልዲውን ፈትታ አስገባች፤
ወደ እንቅልፏ ተመለሰች።
ብዙአየሁ ነው ስሟ፤ ኋላ ነው የሰማሁት።

ያኔ ሁሉም ገጠመ። ስልሳው ቤት፣ ቤት መታ፤
መስመር ከመስመር ሰመረ፣ ጥላም በጥላ ተፈታ።
ትንፋሼን ዋጥኩ፤ ጣቴ ቁልፉን ሊጫን ሲል በዝግታ
ደመና መጣ፣ ግቢው ሁሉ አመድ ለበሰ ባንድ አፍታ።

ጠበቅሁ።

ተማሪዎች መጡ፤ ያው ሹራብ፣ ያው ቦርሳ፣ ያው አቧራ የጠጣ ጫማ።
ከመሃል አንዲት ትንሽ ልጅ ተነጥላ
ከብሎኩ ፊት ቆመች፤ አንገቷን ሰብራ ወደ ላይ አየች፤
በጣቷ ቆጠረች፤ አለፈች።
ቀጣዩም ብሎክ ፊት ቆመች፤ አየች፤ አለፈች።
ተመልሳ መጣች። ቁጥሩን ከግድግዳው ዝናብ ካጠበው ቆይቷል።

«ማንን ፈልገሽ ነው?»
«ቤታችንን፣» አለች፣ እንባዋን በሹራቧ እጅጌ እየገደበች፣
«ቀይ ባልዲ ነበረው። ጠዋት ነበረ።»
ጠፋሁ አላለችም። ቤቱ ነው የጠፋው።

በዚያችው ቅጽበት ደመናው ገለል አለ፤
ብርሃኑ ወረደ፤ ጥላው እንደገና ተከፈለ፤
ዓመት ሙሉ ስጠብቀው የኖርኩት ልክ፣ ያለ እንከን ተደላደለ፣
ቤት ሁሉ ቤት መቶ፤ ከሥሩ ቤት ያጣች ልጅ ቆማ።

«ቶለሳ!» ብዬ ጮኽኩ። «ባልዲውን!»

መጀመሪያ ድምፁ መጣ፣ ቋ፣ ከብረቱ ጋር ሲላተም፤
ቀጥሎ የሴት ክንድ፣ ሻሽ፣ «ሲፈን!» የሚል ጥሪ፤
ልጅቷ ስትሮጥ የደረጃው ባዶነት በእግሯ ሞላ።
ያቺን አንዲት ፍሬ መቼ እንዳነሳኋት አላስታውስም።

ሌሊት፣ መታጠቢያ ቤት፣ በቀይ አምፖል ሥር፣
ወረቀቱ ከሳፋው ውስጥ ቀስ እያለ ነቃ፤
ስልሳ በረንዳ፣ የተንቀጠቀጠ አንድ ክንድ፣
ከግራ ሦስተኛው ላይ አንዲት ጥቁር ነጥብ፣
ከብዕር ያመለጠች ጠብታ የመሰለች።

ቅዳሜ ወስጄ ሰጠኋት።
ፎቶውን ገልብጣ፣ አዙራ፣ አቅርባ፣ አርቃ፣
ጥቁሯ ነጥብ ላይ ጣቷን አሳረፈችና
«ይኸው፣ ቀዩ፣» አለችኝ።